ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ፦ የመንገደኞች ትዝብት



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጉዞ ነው። የሰውን ባህል ለማየት ከቤት ስለ መውጣት፣ እንግዳ ሆኖ ስለ መቀመጥና ከእንግድነት ስለሚገኘው ትምህርት ጥቂት እናወጋለን።

በዘመናችን አቅም ያለው ሰው ለዕረፍቱ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ጃፓን ድረስ የሚጓዝ አለ፤ ሻይ በምን ሥርዓት እንደሚቀርብ፣ ወደ ቤት ሲገባ ጫማ እንደሚወልቅ፣ ታላቅ እንዴት እንደሚከበር አይቶ ተደንቆ ይመለሳል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። አላህ የሰውን ልጅ በነገድና በጎሳ ያደረገው እንዲተዋወቅ ነውና። ነገር ግን ጫማ አውልቆ መግባት፣ ቡናን በሥርዓት አፍልቶ በዱዓ መጠጣት፣ ለታላቅ ከመቀመጫ መነሳት በራሳችን ጓሮም አለ። የሩቁን አድንቀን የቅርቡን ካላወቅነው ግን ትውውቁ ጎደሎ ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም በጥር ወር፣ ልጆች ከትምህርት ባረፉበት ሰሞን፣ ጥቂት ቤተሰቦች ተሰባስበን ወደ አንኮበር የወጣነው በዚህ ሐሳብ ነበር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደብረ ብርሃን የጥር ውርጭ የሚታወቅ ነውና እናቶች ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለው ነበር የደረስነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንኮበር ይገኛል። መንገዱ በገብስ ማሳና በበግ መንጋ መካከል ያልፍና፣ አገሩ ድንገት ያልቃል። ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ላየው ሰው የአፋር ቆላ ጭጋግ ለብሶ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያስተዳደሩት ከዚህች አምባ ነው፤ ዐፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከመዛወራቸው በፊት መናገሻቸው እዚሁ ነበር። ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት ግንብ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ይህን አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። እኛ ግን ቁልቁለቱን ይዘን ወደ አልዩ አምባ ወረድን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ቁልቁለት ተራ መንገድ አይደለም። ከባሕር ዳርቻ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ የሚመጣው የነጋዴ መንገድ፣ እንዲሁም ከሐረር የሚመጣው፣ ወደ ሸዋ የሚገባው በዚህ በኩል ነበር። የግመሉ ጭነት አልዩ አምባ ላይ ይራገፋል፤ ደጋውን የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነው። አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ጨርቅ፣ የሐረር ቡና እዚህ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሜጀር ሃሪስ በዚህ መንገድ አልፎ ስለ አገሩ ጽፏል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ አልዩ አምባ ውስጥ በሙስሊሞች መካከል ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ አትሟል። ያኔም እንግዳ ይመጣ ነበር፤ ያኔም የአገሩ ሰው እንግዳ ይቀበል ነበር።

የመንገዱ ጠባቂዎች የአርጎባ ሙስሊሞች ነበሩ። የክርስቲያኑ የሸዋ ንጉሥ ይህን ጠረፍ ያስጠብቅ የነበረው ወላስማ በሚባል ማዕረግ በሚጠራ ሙስሊም ገዥ ነው። ማዕረጉ ከጥንቱ የኢፋት ሡልጣኖች፣ ከወላሽማ ቤት ስም የመጣ ነው። ይህ ሡልጣኔት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሡልጣኔት ተክቶ የተነሳ ነው። በዚሁ ተረተር ግርጌ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ በተባሉ ቦታዎች ተመራማሪዎች የጥንት ከተሞችን ፍርስራሽ፣ መስጊዶችንና መቃብሮችን አጥንተዋል። አያቶቻችን እዚህ እንግዶች አልነበሩም ማለት ነው፤ ባለ አገር ነበሩ።

ይሁን እንጂ ታሪክን ስናወሳ የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን አንተውም። በአልዩ አምባ አቅራቢያ ዓብዱረሱል በተባለው መንደር የሰው ልጅ ለገበያ ይቀርብ ነበር። ባሪያ ነፃ ማውጣት ትልቅ ዒባዳ መሆኑን የሚያውቁ ነጋዴዎች ጭምር በዚህ ንግድ ከብረዋል። በአገራችን ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ልጆቻችን ስለ ጨውና ስለ ቡናው ሲሰሙ ይህንንም እንዲሰሙ አደረግን። አንዲት ልጅ «የተሸጡት ሰዎች ልጆች ዛሬ የት ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ከትልልቆቹ መካከል መልስ የነበረው አልተገኘም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ዙሁርን ከአገሩ ሰዎች ጋር ሰገድን። ከሶላት በኋላ አንድ ሸማኔ ሽማግሌ «እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም፣ ቤት ግቡ» ብለው ወሰዱን። ባለቤታቸው ቡናውን ከነቆሎው አቀረቡ፤ በሦስቱም ዙር ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌው ከጉድጓዳቸው ገብተው ሲሠሩ አየን። እግራቸው ከታች ድሩን ይከፍታል፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይመላለሳል፣ ማጉ ይጠቀጠቃል። በእንዝርት የተፈተለው ጥጥ የሴቶቹ የእጅ ሥራ ነው። የአርጎባ ሰው በንግድና በሸማ ሥራ የታወቀ ነው ሲባል የሰማነውን በዓይናችን አየነው።

«አባባ፣ ልጆችዎ ይህን ይሠራሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንደኛዋ ዐረብ አገር ናት። የፋብሪካው ጨርቅ ረክሷል፤ በዚህ ማን ይቀመጣል? ከእኔ በኋላ ጉድጓዱ ይደፈናል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ «እንግዳስ ይመጣል፤ ፎቶ ያነሳኛል፣ ስሜን ሳይጠይቅ ይሄዳል» አሉን።

ከቡናው በኋላ ስለ አርጎብኛ ቋንቋ ጠየቅን። ሽማግሌው ከአያታቸው የሰሟቸው ጥቂት ቃላት እንጂ ንግግሩ እንደሌላቸው ነገሩን። በአንኮበር ዙሪያ ያለው አርጎባ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። በ1987 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ60 ሺህ በላይ አርጎቦች ሲመዘገቡ አፍ መፍቻቸው አርጎብኛ የሆነው 11 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። በወሎ እንደ ሾንኬ ባሉ ቦታዎች ግን ቋንቋው ሳይጠፋ ቆይቷል። ቋንቋ የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም፤ እናት ለልጇ መናገር ስትተው ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዚህ ጉዞ ሦስት ነገሮችን ይዘን ተመለስን።

አንደኛ፣ እንግድነት አደብ አለው። የሰውን ፊት ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ስሙን ማወቅ፣ ሰላምታውን አሟልቶ መመለስ ያስፈልጋል። ድህነትን እንደ ትርኢት ማየት አይገባም። የሸማኔውን ቤት የሚጎበኝ ሰው ሙዚየም አልገባም፤ የሰው ቤት ነው የገባው።

ሁለተኛ፣ አድናቆት በተግባር ይገለጥ። ለሸማው የተጠየቀውን ዋጋ ግማሽ ለማድረስ ግማሽ ቀን ተከራክሮ፣ ከተማ ሲመለስ ባህላችን ጠፋ ብሎ ማዘን ምን ይጠቅማል? ለዒድ ለልጆቻችን ልብስ ስንገዛ አንዱ ከእነዚህ እጆች የወጣ ቢሆን ጉድጓዱ ላይደፈን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎችን እናዳምጥ፣ የሰማነውንም እንጻፍ። ሁሉም ቤት ውስጥ ስልክ አለ፤ ስልኩ ድምፅ ይቀዳል። አያቱ በሕይወት ያሉ ወጣት ከየት እንደመጡ፣ ማን እንዳስቀራቸው፣ ሠርጋቸው እንዴት እንደነበር ጠይቆ ይቅዳ። የመስጊድ ጀማዓም ለመስጊዱ ታሪክ አንድ ደብተር ይክፈት።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ጦርነትና ግጭት የሰሜን ሸዋን ሕዝብ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ጎድቷል፤ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገደኛውን አሳንሷል። እንግዳ የማይመጣበት ሸማኔ ገበያው ይቀዘቅዛል። ሆኖም መሄድ ባንችል መደወል እንችላለን፤ በየከተማው ካሉ የአገሩ ልጆች ሸማውን መግዛት፣ ታሪኩን መጠየቅ እንችላለን። ዝምድና በመንገድ መዘጋት አይቋረጥም።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለመንገዶቿ ደኅንነቱን ይስጥልን። በየመንደሩ ለእንግዳ ደጃቸውን የከፈቱትን ሁሉ በረካውን ያውርድላቸው።