ገርቢን ማን ያጥናልን?

(በመቂ ከተማ ለተሰበሰቡ መምህራንና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ዶክትሬት ትምህርት እንድናገር ስታዘዝ ብዙዎቻችሁ የውጭ አገር ዕድል የምቆጥር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ከዚሁ ከመቂ መሬት ልነሣ።

ከከተማችን ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወጣ ስትሉ በእርሻ መካከል ገርቢ የሚባለውን ግራር ታገኛላችሁ። ዛፉ ጠባዩ ልዩ ነው። ክረምት ገብቶ ሌላው ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያረግፋል፤ በበጋ ሌላው ሲጠወልግ እሱ ይለመልማል። ስለዚህ ከሥሩ የተዘራው እህል በዝናቡ ወራት ፀሐይ አያጣም፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል። ገበሬው ይህን ያወቀው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የገባነው እኛ ግን ግራሩ ከሰል ሆኖ በጆንያ ሲሸጥ፤ ቦታው ለሽንኩርትና ለቲማቲም ሲመነጠር ቆመን እናያለን።

ከሰል አክሳዩን ለመውቀስ አይደለም የተነሣሁት። የእኔም ደብተር የተገዛው በከሰል ገንዘብ ነው። ዕዳ አለብኝ ማለት ነው።

ታዲያ ችግኙ ከፍየልና ከማረሻ ተርፎ እንዲያድግ ምን ይደረግ? በመስኖ ከሚለማው አትክልት ጋርስ አብሮ መኖር ይችላልን? አንድ ሰው አራትና አምስት ዓመት ሊደክምባቸው የሚገቡ የዶክትሬት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሺምፐር በአገራችን ተቀምጦ የሰበሰባቸው ዕፅዋት ወደ አውሮፓ ሄደዋል። የአገሩን ተክል ለማወቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1980 የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መመዝገብ ጀመሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲፈጸም 8 ቅጾች ወጡ። ከመጻሕፍቱ የማያንስ ፍሬ ግን በዚያው ሥራ የሠለጠኑት ሰዎች ናቸው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በኡፕሳላ የዶክትሬት ማዕረግ አግኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሥራውንም መሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን ያለው የኪው የዕፅዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳይ ሸለማቸው። ትምህርቱ በውጭ፤ ጥያቄው ግን የአገር ቤት ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በዕፅዋት ጥናት ዶክትሬት ይሰጣል። ስለዚህ የምንሄደውም ሆነ የምንቀረው ገንዘብ ሰጪው ያዘጋጀልንን ጥያቄ ብቻ ተቀብለን እንዳንመለስ እንጠንቀቅ። ጥያቄያችንን ከዚህ ይዘን እንሂድ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ከዕረፍት ስንመለስ ከየመንደራችን ሦስት ዕፅዋት በጋዜጣ መካከል ተጭነው የደረቁ፤ የተገኙበት ቦታና ቀን፤ የኦሮምኛና የአማርኛ ስማቸው የተጻፈባቸው እናምጣ። መምህራኖቻችንም ስማቸውን በማጣራት ይርዱን። ከመካከላችን የነገው ዶክተር ቢወጣ መነሻው ያ ወረቀት ይሆናል፤ ባይወጣም ገርቢን በስሙ የሚያውቅ ትውልድ ይኖረናል።