ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው መሣሪያ

እንደ መካነ ሰላም ባሉ ከተሞች ጌም ማለት ለብዙ ወጣት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ኳስ ይጫወታል፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሥራው በአብዛኛው የአውራ ጣት ነው።

የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ግን የእጅን እንቅስቃሴም ይለካል። ውስጡ ባለች ቺፕ ላይ ኢምንት የሲሊከን ቅንጣት በቀጫጭን ስፕሪንጎች ተይዛለች። ጆይስቲኩ ዘንበል ሲል እሷም ፈቀቅ ትላለች፤ ይህም የኤሌክትሪክ ምልክት ሆኖ ወደ ጌሙ ይደርሳል። የኳስ ጌሞች ግን ብዙም አይጠቀሙበትም።

በእንቅስቃሴ መጫወት አዲስ አይደለም፤ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በእጅ እንቅስቃሴ የሚያጫውተውን «ዊ» የተባለ የጌም መሣሪያ አውጥቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። ማይክሮሶፍት በ2010 ባወጣው ኪኔክት ጆይስቲኩን ጭራሽ አስቀረው፤ ካሜራው መላ ሰውነትን ያነብ ነበር። ነገር ግን ሰፊ ክፍል ይፈልግ ነበር፣ ምላሹም ይዘገይ ነበር። በ2017 ምርቱ ቆመ።

ወደፊትስ? እንደ እኔ የሚያዛልቀው በመላ ሰውነት መዝለሉ ሳይሆን ትንሿ የእጅ አንጓ እንቅስቃሴ ነው፦ በአውራ ጣት አነጣጥሮ፣ ጆይስቲኩን በትንሹ አዘንብሎ ማስተካከል። ይህ በጠባብ ቤትም፣ ጎን የተቀመጠውን ሳይነኩ ይቻላል።

ለእኛ ልጆች ደግሞ ቅርቡ ስልክ ነው። ብዙዎቹ ስማርት ስልኮች ተመሳሳይ መለኪያ አላቸው፤ ስልኩን እንደ መሪ እያዘነበሉ መኪና የሚነዱ ልጆች ይህን አሳምረው ያውቁታል። «ኩኩሉ» የተባለውን አገርኛ ጌም የሠራው ድርጅት፣ ቅኔ ጌምስም፣ የሚሠራው ለስልክ ነው። ስለዚህ የመካነ ሰላም ልጅ በእጅ እንቅስቃሴ የሚጫወተውን አገርኛ ጌም መጀመሪያ የሚያገኘው ስልኩ ላይ ይመስለኛል።