የአቶም ዛቻና የሰሚው ሕዝብ

(በሬድዮ የተሰማ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ንግግሬን ጨርሼ ከስቱዲዮ ስወጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በደረጃው ላይ አገኘኝና «የሩስያው መሪ በአቶም ቦምብ በዛቱ ቁጥር እናንተ ታነባላችሁ፤ እኛም እንሰማለን። ለመሆኑ ሰምተን ምን እንድናደርግ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ስለዚህም ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመናገር አሰብሁ። ስለ ቦምቡ አሠራር አልናገርም፤ ያን ሊቃውንቱ ይናገሩት። የእኔ ነገር ዛቻውን ስለ ሰማው ሕዝብ ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለዳ ነው። ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን ጦራቸው ወደ ዩክሬይን እንዲዘምት ማዘዛቸውን ባስታወቁበት ንግግር፣ ከውጭ ሆኖ ጣልቃ የሚገባ ሁሉ በታሪኩ አይቶት የማያውቀው ነገር እንደሚደርስበት አስጠነቀቁ። የቦምቡን ስም አልጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለጋቸውም። በየካቲት 20 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትራቸውንና ኤታማዦር ሹማቸውን ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ አስቀምጠው፣ የአገሪቱ የኑክሊየር ኀይል በልዩ የተጠንቀቅ ሁኔታ ላይ እንዲሆን ሲያዙ በቴሌቪዥን ታዩ።

ይህ ከመሆኑ በፊት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 25 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሩስያ፣ ቻይና፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በአንድነት መግለጫ አውጥተው ነበር። የኑክሊየር ጦርነት አሸናፊ የሌለውና ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነው የሚል መግለጫ ነው። ቃሉም አዲስ አልነበረም፤ ሬገንና ጎርባቾቭ በ1978 ዓ.ም. በጄኔቫ ሲገናኙ የተስማሙበት ነው። ያን መግለጫ በዜና ያነበብሁት እኔው ነበርሁ፤ የየካቲቱንም ያነበብሁት እኔው ነኝ። የታኅሣሡን በተራ ድምፅ፣ እንደ ስብሰባ ዜና አድርጌ አሳለፍሁት። የየካቲቱን ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቃሉን እየነጣጠልሁ፣ የዓለም ፍጻሜ እንደ ደረሰ አድርጌ አነበብሁት። ስወጣም «ዛሬ አሳመርኸው!» ያሉኝ አልጠፉም።

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ ከደብረ ብርሃን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ትናንት ያነበብኸው እውነት ነውን? ዘይትና ዱቄት ልግዛ ወይስ ይቆይ?» አሉኝ። ዩክሬይን ሩቅ እንደ ሆነ፣ ነገሩም እስካሁን ቃል ብቻ እንደ ሆነ ላስረዳቸው ሞከርሁ። «ታዲያ ቃል ብቻ ከሆነ ለምን እንደዚያ አድርገህ አነበብኸው?» ቢሉኝ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የሚዝት ሰው አንድም ጥይት ሳይተኩስ በሰው ቤት የሚገባው በእኛ በነጋሪዎቹ ጉሮሮ ነው።

አክስቴ ግን በፍርሃታቸው ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያው ሳምንት በቤልጅግና በፊንላንድ ሕዝቡ የአዮዲን ክኒን ፍለጋ ወደ መድኃኒት ቤቶች ጎረፈ። ክኒኑ ያለቀባቸው መድኃኒት ቤቶችም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ክኒን ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የቦምብ መድኃኒት ይመስለዋል። አዮዲን እኛ በጨው ውስጥ ተቀላቅሎ የምናውቀው፣ ሲጎድል እንቅርት የሚያወጣው ነገር ነው። በአንገት ላይ ያለው ዕጢ አዮዲን ባገኘ ጊዜ ሁሉ ይሰበስባል። የአቶም ማብላያ ቢፈነዳ በአየር የሚበተነውን መርዛም አዮዲን ዕጢው እንዳይስብ ንጹሑን አስቀድሞ ማጥገብ ነው የክኒኑ ሥራ። ይህም ይልቁን ለሕፃናትና ለወጣቶች ይጠቅማል። ከቦምቡ እሳት፣ ከነፋሱና ከሌላው ጨረር ግን አንዱንም አይከላከልም። ለዚህ ነው የፖላንድ መንግሥት በመስከረም 2015 ክኒኑን ወደ ክፍላተ ሀገሩ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ሲያከፋፍል ምክንያቱ የቦምቡ ዛቻ ሳይሆን በዛፖሪዥያ የአቶም ኤሌክትሪክ ጣቢያ ዙሪያ የነበረው ውጊያ የሆነው። ስድስት ማብላያዎች ያሉት፣ በአውሮፓ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ጣቢያ ከየካቲት 25 ቀን 2014 ጀምሮ በሩስያ ጦር እጅ ወድቆ ነበር። ሰው ግን ሲፈራ ክኒኑ ለምን እንደሚሆን አይጠይቅም፤ በእጁ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። በኒውዮርክ ከተማ እንኳ በሐምሌ 2014 የአደጋ መከላከያው መሥሪያ ቤት የአቶም ጥቃት ቢደርስ ወደ ቤት ግቡ፣ ከቤት አትውጡ፣ ዜና ተከታተሉ የሚል አጭር ፊልም አሠራጨ። ሕዝቡ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ደነገጠ፤ ምን የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ያለውም ብዙ ነበር።

የፊንላንድ ነገር ግን ከክኒኑ ይልቅ ሌላ አሳብ ያነሣል። ይህች አገር ከሩስያ ጋር 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ድንበር አላት። ለአምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝቧ 50,500 ያህል መሸሸጊያዎች አዘጋጅታለች፤ በእነዚህም ውስጥ 4.8 ሚሊዮን ሰው ሊጠለል ይችላል። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን ከጦር ኪዳን ርቆ መኖርን መርጦ ነበር፤ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አባል እንሁን የሚለው ከመቶ ሠላሳ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነበር። በየካቲት 21 ቀን 2014፣ ማለት ከተጠንቀቁ ትእዛዝ በማግሥቱ፣ የአገሪቱ ሬድዮና ቴሌቪዥን ያስታወቀው የአስተያየት ምርመራ ከመቶ 53 ደረሰ። በግንቦት መጀመሪያም 76 ሆነ። በመጋቢት 26 ቀን 2015 ፊንላንድ፣ በየካቲት 28 ቀን 2016 ስዊድን አባል ሆኑ። እርግጥ ነው፣ ይህን ያደረገው ዛቻው ብቻ አይደለም፤ ወረራው ራሱ ነው ቢባል ትክክል ነው። ነገር ግን ዛቻው አትጠጉ ለማለት የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ የተነገረው ሕዝብ ወደማይፈለገው ወገን ሸሸ። እንደ እኔ ፍርድ በዚህ ጦርነት ሁሉ ዛቻ እንዲህ በግልጥ የተገላቢጦሽ የሠራበት ስፍራ የለም።

በጀርመን ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። እዚያ ፍርሃት በአደባባይ ተከራከረ። በሚያዝያ 2014 ሃያ ስምንት ጸሐፊዎችና የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ «ኤማ» የተባለውን መጽሔት በመሠረቱት በአሊስ ሽቫርዘር አስተባባሪነት፣ ለቻንስለር ኦላፍ ሾልትዝ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከባድ መሣሪያ ወደ ዩክሬይን መላክ ወደ ሦስተኛ የዓለም ጦርነት ሊያደርሰን ይችላልና ይቅር የሚል ነበር። በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሰውም ፊርማውን ጨመረበት። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሌሎች ምሁራን በተቃራኒው ጻፉ፤ ለዛቻ ከታጠፍን ነገ የአቶም ቦምብ ያለው ሁሉ ጎረቤቱን እየነጠቀ ቦምቡን ያሳየናል አሉ። ሽማግሌው ፈላስፋ ዩርገን ሃበርማስ ደግሞ የቻንስለሩን ጥንቃቄ ደግፈው ጻፉና ተግሣጽ ደረሰባቸው።

ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ፈሪዎች፣ የኋለኞቹን ጀግኖች ብሎ ሊያልፍ ይወድዳል። እኔ በበኩሌ እንዲህ አልልም። በሂሮሺማ በሐምሌ 30 ቀን 1937 በተጣለው በአንድ ቦምብ እስከዚያው ፈረንጅ ዓመት መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው መሞቱን የሚያስብ ሰው ቢፈራ አእምሮው ጤነኛ ስለ ሆነ ነው። የኋለኞቹ ክርክር ግን የሚበረታው፣ የፍርሃቱ ዋጋ ከፈሪው ኪስ ሳይሆን ከሌላው የሚከፈል ስለ ሆነ ነው። በበርሊን ያለ ሰው ለደኅንነቱ ሲል የሚሰጠው ከተማ የራሱ ሳይሆን በዩክሬይን ያለ የሌላ ሰው ከተማ ነው።

የዩክሬይን ሰዎች ራሳቸውስ ምን አሉ? በ2015 ዓ.ም. የሙኒክ የጸጥታ ጉባኤ ባስደረገው ምርመራ፣ ሩስያ በከተማ ላይ ወይም በጦር ሜዳ አነስተኛ የኑክሊየር መሣሪያ ብትጥልስ ተብለው ከተጠየቁት መካከል ከመቶ 89 የሚሆኑት ውጊያው ይቀጥል ብለዋል። ለዚህ ጽናት ምክንያት አላቸው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ 1,900 ያህል ረጅም ርቀት የሚሄዱ የኑክሊየር አረሮች በምድራቸው ቀርተው ነበር፤ የመተኰሻው ትእዛዝ ግን ከሞስኮ እጅ አልወጣም ነበር። እነዚህን ለሩስያ ሲያስረክቡ በኅዳር 1987 ዓ.ም. በቡዳፔስት ሩስያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ድንበራቸውን ለማክበር ፈርመውላቸዋል። ስለዚህ በዚያ አገር የአቶም ዛቻ ሲነገር የሚሰማው እንደ ሌላ ስፍራ አይደለም፤ የሰጡት ነገር ተመልሶ ወደ እነርሱ ሲጠቆም ያያሉ። የኪየቭ ወጣቶች በበኩላቸው ቦምቡ ሲወድቅ ሽቼካቪትሳ በተባለው ኮረብታ ላይ ተሰብስበን እናሳልፋለን ብለው በቀልድ በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ተመዘገቡ። በኮረብታው ላይ ሊያደርጉት ያሰቡትን በሬድዮ መናገር አይገባኝም፤ በጋዜጣም ቢሆን አልጽፈውም።

በሩስያ ውስጥ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ይቸግራል። በየካቲት 25 ቀን 2014 የወጣው ሕግ ስለ ጦሩ ሐሰት ተናገረ የተባለውን እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያስቀጣል፤ እንዲህ ባለበት በመንገድ ተጠይቆ የሚመልስ ሰው መልሱን ከልቡ ይሁን ከጥንቃቄው ማን ይለየዋል? ፕሬዚዳንቱ በመስከረም 11 ቀን 2015 ሦስት መቶ ሺህ ተጠባባቂ ሲጠሩ፣ ባለን መሣሪያ ሁሉ እንጠቀማለን፣ ይህም ለማስፈራራት ያህል የተነገረ አይደለም ብለው ነበር። በማግሥቱ ወደ ጆርጂያና ወደ ካዛክስታን በሚወስዱት መንገዶች ላይ መኪናው በኪሎ ሜትሮች ተሰለፈ። የሸሹት ከክተቱ እንጂ ከቦምቡ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ይሁን። በሌላው ወገን ደግሞ ሰርጌይ ካራጋኖቭ የተባሉት የፖለቲካ ሊቅ በሰኔ 2015 ምዕራባውያንን ለማንቃት የኑክሊየር መሣሪያን መጠቀም ሊያስፈልግ ይችላል ብለው በአደባባይ ጻፉ፤ አንዳንድ የአገራቸው ሊቃውንትም ይህ ዕብደት ነው ብለው መለሱላቸው። ክርክሩ በአገሪቱ ውስጥ መደረጉ ራሱ የሚያስገርም ነው።

በመስከረም 26 ቀን 2015 ፕሬዚዳንት ባይደን ከኩባው ግጭት ወዲህ ዓለም ወደ አርማጌዶን እንዲህ ቀርቦ አያውቅም ሲሉ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ መንግሥታት ቃል መለዋወጥ ጀመሩ። በጥቅምት 25 የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ከሾልትዝ ጋር ሲነጋገሩ በኑክሊየር መሣሪያ መጠቀምንም ሆነ መዛትን እንደሚቃወሙ አስታወቁ። በኅዳርም በባሊ የተሰበሰቡት የሃያዎቹ መንግሥታት መሪዎች በመግለጫቸው ይህንኑ የማይፈቀድ ነው አሉ። ለሩስያ ወዳጅ ከሆኑት ወገን መምጣቱ ነው ክብደት የሰጠው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚነካ አንድ ነገር ብናገር ከጉዳዩ መራቅ አይሆንብኝም። በኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሊየር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ቍጥሩ 1653 ነው። ውሳኔውን ካቀረቡት መንግሥታት ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ። አሜሪካና እንግሊዝ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ነበሩ፤ ሶቪየት ኅብረት ግን ደግፋ ነበር። የአንድ መንግሥት እጅ በአንድ ዘመን ለምን እንደ ተነሣ በሌላ ዘመን ሲታይ እንዲህ ያስደንቃል። ኢትዮጵያ ለምን ግንባር ቀደም ሆነች ቢባል፣ መልሱ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ኢጣልያ ራሷ በፈረመችበት ውል የተከለከለው የመርዝ ጋዝ በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ ተረጭቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 23 በጄኔቫ ቀርበው ይህንኑ ለዓለም ተናግረዋል። የአክስቴ አባት ማይጨው ዘምተው የተመለሱ ናቸው። በየካቲት 2014 ያን ስልክ ሲደውሉልኝ ያልገባኝ ይህ ነው፤ እርሳቸው ከሰማይ ስለሚወርድ መርዝ የሰሙት ከሬድዮ ሳይሆን ከአባታቸው አፍ ነበር።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። ፍርሃቱ ለዘለዓለም አልቆየም፤ በምትኩ ልማድ መጣ። ሩስያ በ2015 የኑክሊየር መሣሪያዋን ወደ ቤላሩስ እንደምታዛውር አስታወቀች። በኅዳር 10 ቀን 2017 ደግሞ የኑክሊየር መመሪያዋን ለውጣ፣ የአቶም ቦምብ የሌለው አገር ቦምብ ባለው መንግሥት ተደግፎ ቢያጠቃት ሁለቱ በአንድነት እንዳጠቁኝ እቈጥረዋለሁ አለች። ከሁለት ቀን በኋላም በድኒፕሮ ከተማ ላይ ኦሬሽኒክ የተባለውን፣ የኑክሊየር አረር ሊሸከም የሚችል አዲስ ሚሳይል ያለዚያ አረር ተኰሰች። ነገሩ ከመጀመሪያው ዛቻ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። እኔም ይህን ዜና ባነበብሁበት ምሽት ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም፤ ቃሉን አልነጣጠልሁም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለና ምን እንዳላለ፣ ሌሎችም ምን እንደ መለሱ በተከታታይ አነበብሁ። በማግሥቱ በመሥሪያ ቤታችን ስለ ነገሩ ያነሣ አንድም ሰው አላገኘሁም። ይህ ዝምታ ከመጀመሪያው ድንጋጤ ይሻል እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልቈረጥሁም። የደነገጠ ሰው ዛቻውን ይሰማል፤ የለመደ ሰው ግን እውነቱ የመጣ ቀን እንኳ ላይሰማው ይችላል።

በዚያ ሰሞን እኔው ወደ ደብረ ብርሃን ደወልሁና «የትናንቱን ዜና ሰሙት?» ብዬ አክስቴን ጠየቅሁ።

«ሰማሁ እንጂ» አሉ። «ደኅና አድርገህ ነው ያነበብኸው። ከእርሱ ቀጥሎ ያልኸው የስንዴ ዋጋ ነው ያልተሰማኝ፤ እስቲ ድገመው።»

ደገምሁላቸው።