ሙያ በልብ ብቻ አይበቃም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ኮምፒዩተርን በቤት ውስጥ በገዛ እጃቸው ስለ ሠሩ ሰዎች ነው። ነገሩ ትርፍ ጊዜ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እውቀት ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ የብዙዎች ሀብት የሚሆንበትን መንገድ ያሳየናል።

በጃንዩዌሪ 1975 እ.ኤ.አ. «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒዩተር በሽፋኑ ላይ አወጣ። ዋጋው ከ400 ዶላር ያነሰ ሲሆን ዕቃው ተበታትኖ ስለሚላክ ገዢው ራሱ እየበየደ መገጣጠም ነበረበት። ተሠርቶ ሲያልቅም የጽሕፈት ገበታም ሆነ የሚታይበት መስኮት አልነበረውም፤ በፊቱ ላይ የተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው ይዞታው ሊያስታውስ የሚችለውም 256 ባይት፣ ይኸውም 256 የላቲን ፊደላትን ያህል ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ማርች 5 ቀን በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ፣ በጎርደን ፍሬንች ቤት የመኪና ማደሪያ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። እስከ 1986 የቆየው ሆምብሩ የኮምፒዩተር ክበብ በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ከአባሎቹ አንዱ ስቲቭ ዶምፒየር አልቴሩን ከአንዲት ራዲዮ አጠገብ አስቀምጦ ዜማ አሰማ። ኮምፒዩተሩ ሲሠራ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ራዲዮን ይረብሻል፤ እርሱ ግን ያንን ረብሻ በስልት አዘዘው። አሠራሩንም ጽፎ አሳተመ። ስቲቭ ዎዝኒያክም በ1976 በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ለገበያ የቀረበውን የአፕል 1ን ንድፍ አስቀድሞ ለክበቡ አባሎች በነጻ ያድል ነበር።

ክርክርም ነበረ። በፌብሩዋሪ 1976 ቢል ጌትስ ለእነዚህ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ ድርጅቱ የደከመበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ መገልበጣቸውን ወቀሰ። ወቀሳው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የሠራ ሰው የድካሙን ዋጋ ማግኘት አለበት። ሆኖም የሙያው መሠረት ከተቆለፈበት ዋጋ የሚከፍለውም ሆነ የሚሠራው ትውልድ ከየት ይመጣል?

ይሁን እንጂ የመኪና ማደሪያው ብቻውን ተአምር ሠራ ብለን ራሳችንን አናታልል። በአካባቢው ቺፕ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥት ለጦርና ለጠፈር ምርምር ያፈሰሰው ገንዘብ ነበሩ። ይህ ሁሉ በአገራችን የለም። ነገር ግን በ2005 በኢጣልያ፣ በኢቭሪያ የተጀመረው አርዱዊኖ ንድፉ ለሁሉ ክፍት ነው፤ በ2012 በእንግሊዝ የወጣው ራስበሪ ፓይም ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። እንግዲህ በሩ ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቷል።

የቀረው እንቅፋት ከኛው ዘንድ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲያዋርድ የኖረ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። ዲግሪ ይዘን ጠረጴዛ እንመኛለን እንጂ መበየጃ መጨበጥን እንደ ክብር አንቆጥረውም። በሌላ በኩል «ሙያ በልብ» የሚለውን ተረት ወደ ንፍገት ለውጠን፣ ያወቅነውን እንደ ምሥጢር እንደብቃለን። ተረቱ ጉረኛን ለመገሠጽ ያገለግል፤ ደቀ መዝሙርን ለመከልከል ግን አይሁን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየከተማው ያለው ማኅበራችን በወር አንድ ምሽት ለእጅ ሥራ ይመድብ፤ የተበላሸ ራዲዮ ይምጣና ይፈታ። ሁለተኛ፣ የሠራነውን ሁሉ በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች፣ ከነንድፉ እንጻፍ። ሦስተኛ፣ በበጋም በክረምትም ወደ አገር ስንገባ በየሰፈሩ ራዲዮና ስልክ ከሚጠግኑት ወንድሞቻችን ጋር አብረን እንቀመጥ፤ እኛ ከመጽሐፍ ያገኘነውን እንንገራቸው፣ እነርሱ በጣታቸው የሚያውቁትን ያስተምሩን።

ዕቃ ብንልክ አንድ ቀን ይበላሻል፤ አሠራሩን ብንልክ ግን የሚጠግነው ሰው እዚያው ይገኛል።