ሁለት ሸራ፥ ሦስት ቀለም
(በሥዕል ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እነዚህን በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሁለት ሥዕሎች ያያችሁ ሁሉ «ምንድን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሰው የለባቸውም፤ ቤትም ዛፍም የለባቸውም። ከጮቄ ተራራ ሥር ሆነን የሰኔን እርሻና የመስከረምን ሜዳ ስናይ ካደረብን ስሜት የመጡ ናቸው ብንል ይበቃል። ዛሬ የምንናገረው ሁለቱን አንድ ለማድረግ ስላየነው መከራ ነው።

ገንዘባችን ጥቂት ስለ ነበረ፥ ነጩን ሳንቈጥር ሦስት ቀለም ብቻ ገዛን፤ ቀይ አፈር የሚመስል ቡናማ፥ ቢጫና ጥቁር። ሥራውንም ለሁለት ተከፍለን ያዝን፤ የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ነበር። ግራው ካለቀ በኋላ ቀኙን የያዙት «ያለ ሰማያዊ የመስከረም ሰማይ የለም» አሉ፤ አንዱ ጓደኛችንም ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰማያዊ ቀለም ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሰማያዊው ብቻውን ሲታይ ያማረ ነበር። ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ግን ዓይን ሁሉ ወደዚያ እየሮጠ ግራውን የሚያየው ጠፋ።

በዚያ ሳምንት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሆኑ አባት ሊጠይቁን መጡ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና «ልጆቼ፥ እነዚህ አልተዋወቁም፤ ይኸኛው የዚያኛውን ቀለም አልቀመሰም» አሉን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት የእንጨት ገበታዎች ይሣላሉ፤ በአንዱ እመቤታችን ከልጇ ጋር፥ በሌላው ብዙ ጊዜ ቅዱሳን ይሆናሉ። ቀለሙ ጥቂት ነው፤ በግራ ያየነው ቀይ በቀኙ ልብስ ላይ ተመልሶ ይገኛል። ሲከደኑም ፊት ለፊት ይገጥማሉ።

እኛም እንደ ገና ጀመርን። ሁለቱን ሸራዎች አጠገብ ለአጠገብ አቁመን፥ ከአንድ መደባለቂያ ሳንቃ እየጠለቅን፥ ግራውን የነካ ብሩሽ ሳይታጠብ ቀኙንም እንዲነካ አደረግን። ያን ጊዜ ያልጠበቅነውን አገኘን። ቢጫ ከጥቂት ጥቁር ጋር ሲደባለቅ አረንጓዴ ይሆናል። ከጥቁርና ከነጭ የተሠራ ግራጫ ደግሞ በቡናማው አጠገብ ሲቀመጥ ሰማያዊ ይመስላል። ለካ ሰማያችን በእጃችን ኖሯል!

ሰማያዊውን ያጠፋው ራሱ ያስመጣው ጓደኛችን ነው። ሌላ ሰው እንዳይነካበት ለመነን፤ በግራጫ ሲሸፍነውም ማንም አልተናገረም።

ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ ነው የሚሉንም አልታጡም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ በሻይ ቤታችን ትኩስ ነው።

አሁን በሁለቱ መካከል የተተወው ክፍተት አራት ጣት ነው። ግማሾቻችን ይጥበብ እንላለን። እባካችሁ ቀረብ ብላችሁ፥ ከዚያም እስከ በሩ ራቅ ብላችሁ እዩልን።