የዛፍ ሕይወት ከቅርፊቱ ሥር ነው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የምንናገረው ሁላችን በየቀኑ እያየነው ውስጡን ስለማንመረምረው ነገር፥ ይኸውም የዛፍ ግንድና ሥር እንዴት እንደሚወፍር ነው።

አስቀድመን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ዛሬ አንድ ሰው በጥድ ግንድ ላይ በደረቱ ትክክል ምስማር ቢመታ፥ ዛፉ ከ20 ዓመት በኋላ እጅግ ረዝሞ ሲገኝ ምስማሩ የት ይሆናል? ከዛፉ ጋር ወደ ላይ ይወጣል የሚል ሰው ብዙ ነው። ምስማሩ ግን ከተመታበት ከፍታ ንቅንቅ አይልም። ዛፍ በቁመት የሚያድገው በቅርንጫፎቹና በሥሮቹ ጫፍ ብቻ ነውና። ከዚያ በታች ያለው ግንድ የሚያድገው ወደ ጎን ስለ ሆነ ምስማሩ ቀስ በቀስ በእንጨቱ ተውጦ ይቀራል። የቁመቱን ዕድገት አንደኛ ዕድገት፥ የውፍረቱን ደግሞ ሁለተኛ ዕድገት ይሉታል።

ለመሆኑ ይህን ውፍረት የሚሠራው ምንድን ነው? በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ካምቢየም የሚባል እንደ ወረቀት የሳሳ የሕዋሳት ሽፋን አለ። ይህም ሽፋን በእርጥበት ወራት እየተባዛ ወደ ውስጥ እንጨት፥ ወደ ውጭ ደግሞ የውስጥ ቅርፊት ይሠራል። እንጨቱ ውኃን ከሥር ወደ ቅጠል ያወጣል፤ የውስጡ ቅርፊት ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር ያወርዳል። ካምቢየም ከቅርፊት ይልቅ እንጨት አብልጦ ስለሚሠራ ግንዱ ከዓመት ወደ ዓመት ይወፍራል። የውጭው ቅርፊት ጠቦት ሲሰነጠቅም፥ ከሥሩ ያለ ሌላ ሽፋን ቡሽ እየሠራ ይተካዋል።

ሥርም እንዲሁ ይወፍራል። ምስክሩ በየወጥ ቤታችን አለ። ካሮት በአግድም ሲቆረጥ በመካከሉ አንድ ክብ፥ በዙሪያውም ሌላ ክፍል ይታያል፤ የካምቢየሙ ቦታ የሁለቱ ወሰን ነው። በቀይ ሥር ውስጥ ደግሞ ብዙ ቀለበቶች የሚታዩት አንዱ ካምቢየም ከሌላው በስተውጭ እየተጨመረ ስለሚሠራ ነው። በቆሎ፥ ቀርከሃ፥ ሙዝና እንሰት ግን እንዲህ ያለ ካምቢየም የላቸውም። ቀርከሃ ከምድር ሲወጣ የያዘውን ውፍረት እንደ ያዘ ይኖራል፤ የሙዝና የእንሰት ግንድ የሚመስለንም እርስ በርሱ የተቃቀፈ የቅጠል እግር ነው።

በተቆረጠ ጥድ ላይ የምናያቸው ቀለበቶች የካምቢየም ሥራ መዝገብ ናቸው። በእርጥበት ጊዜ የሚሠራው እንጨት ነጣ ያለ፥ ወራቱ ወደ መድረቅ ሲል የሚሠራው ጠቆር ያለ ነው። ነገር ግን በልግና ክረምት ተለያይተው በሚዘንቡበት ስፍራ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል፥ በአገራችን ቀለበት ቆጥሮ የዛፍን ዕድሜ መናገር ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ክቡራን ሆይ! ይህን ሁሉ የተናገርነው ለአንድ ጉዳይ ነው። ውስጡ ተቦርቡሮ ባዶ የሆነ ሽማግሌ ዛፍ፥ ዙሪያው ደኅና ከሆነ ለብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። ውስጡ የጠና ጎልማሳ ዛፍ ግን ቅርፊቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ቢላጥ ይሞታል። ኢጣሊያዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ በ1675 እና በ1679 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፉ፥ ቅርፊት በቀለበት ሲላጥ ከተላጠው በላይ ያለው ክፍል እንደሚያብጥ ገልጿል። የሚወርደው ምግብ መንገድ አጥቶ በዚያ ስለሚከማች ነው። ውኃ በእንጨቱ በኩል ገና ስለሚወጣ ቅጠሉ ለጊዜው ለምለም ይሆናል፤ ተመልካቹም ዛፉ የተረፈ ይመስለዋል። ሥሩ ግን ያጠራቀመው ምግብ ሲያልቅ ይራባል፤ ሥሩ ሲሞትም ዛፉ ይደርቃል። በግንዱ ላይ ታስሮ የተረሳ ሽቦም ይህንኑ ያደርጋል፤ ዛፉ በወፈረ ቁጥር ይታነቃል።

ስለዚህ ለእናንተ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምናቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ስማችንን በደብተራችን እንጂ በዛፍ ቅርፊት ላይ አንጻፍ። የልብስ ማስጫ ሽቦ በግንድ ላይ አንሰር። ችግኝን ከድጋፉ ጋር ስናስር በሽቦ ሳይሆን በጨርቅ ላላ አድርገን እንሰር፥ እየወፈረ ሲሄድም ማሰሪያውን እናላላ። ወላጆቻችን ሆይ፥ እናንተም ከብትና ፍየል የችግኙን ልጥ እንዳይልጡ አጥር አጥራችሁ ጠብቁልን። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚደርስ፥ ሲቆረጥም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ አይደለምና አንዱ ሲሞት የሚተካው ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቅርፊቱን መጠበቅ ግን የሁልጊዜ ሥራ ነው። ከእኛ በኋላ በዚህ ግቢ የሚማሩት ታናናሾቻችን በጥላው ሥር ተቀምጠው እንዲያነቡ፥ ይህን ስስ ሽፋን ዛሬ እኛ እንጠብቅላቸው።