የጽሕፈት ቤት ብርሃን ከመሠረቱ ጋር ይታቀድ
(በሐራ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ባቡር ሐዲድ እናገራለሁ ብለው የጠበቁ ነበሩ። ሐራ ገበያ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ለሚመጣው፣ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ለተጀመረው የባቡር መሥመር መድረሻ እንድትሆን የታቀደች ናትና ግምታቸው አግባብ ነበረው። እኔ ግን ከሐዲዱ ያነሰ ስለሚመስል ጉዳይ መናገርን መረጥሁ። ይኸውም ጸሐፊው በሚጽፍበት፣ መሐንዲሱ ሥዕል በሚዘረጋበት፣ ባለጉዳዩም ቆሞ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ ስለሚገባው ብርሃን ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት መሥሪያ ቤት የክፍላችን መስኮት ወደ ምዕራብ የተከፈተ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊታችንን ስለምትመታን መጋረጃውን እንዘጋለን፤ መጋረጃው ስለ ተዘጋ በጠራራ ፀሐይ አምፖል እናበራለን፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ሥራው ይቆማል። አንድ ቀን ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ አዛውንት ገበሬ ፋይላቸው እንዲታይላቸው ሲለምኑ፣ «አባቴ፣ መብራት ስለ ጠፋ ነገ ይመለሱ» ያልኋቸው እኔ ራሴ ነበርሁ። እሳቸውም በበሩ ወደ ውጭ አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ ፀሐይዋ እኮ አልጠለቀችም» አሉኝ። ያን ቀን የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ፀሐይዋን እንመልከት። ሐራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ስፍራ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከጧቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ያለው የሥራ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ በቀን ብርሃን ውስጥ ይውላል። ይህ ብዙ አገሮች የማያገኙት ጸጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር የፀሐይዋ አካሄድ ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት የቀትር ፀሐይ አይገባበትም ይላሉ። በእኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይዋ በቀትር ከአናታችን በስተሰሜን ትሆናለች። በሰኔ አጋማሽ በሰሜን በኩል ከአድማስ 78 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ በደቡብ በኩል እስከ 55 ዲግሪ ዝቅ ትላለች። ከዚህ ተነሥተን ብናሰላ፣ ቁመቱ 1.50 ሜትር የሆነ መስኮት ከቀትር ፀሐይ እንዲጠበቅ በደቡብ በኩል 1.05 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ጥላ፣ በሰሜን በኩል ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያለፈ ጥላ ይበቃዋል። በረንዳ ያለው ቤት ይህን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኛል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣራ ክፈፍ አያስጥላትም። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ረዥም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ መስኮቶቹም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይከፈቱ።

ሦስተኛው ነገር የመስኮቱ ከፍታ ነው። የቀን ብርሃን ወደ ክፍሉ ውስጥ በሚገባ የሚዘልቀው የመስኮቱ አናት ከወለሉ ያለውን ከፍታ አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቢበዛም ሁለት ጊዜ ያህል ነው። እኛ በልማድ የመስኮቱን አናት ከበሩ አናት ጋር በ2.10 ሜትር ላይ እናስተካክላለን። ክፍሉ 5 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው በስተኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ በጨለማ ይቀራል። አናቱን ወደ 2.70 ሜትር ብናነሣው ግን ብርሃኑ ከ4 ሜትር ያልፋል፤ በመልካም ሁኔታም የኋላውን ግድግዳ ይደርሳል። ይህ ጥበብ ለሰሜን ወሎ እንግዳ አይደለም፤ በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ድፍን ሲሆኑ ብርሃን የሚያስገቡት የላይኞቹ ናቸው።

የገባውንም ብርሃን መያዝ ያስፈልጋል። ነጭ ኮርኒስና በኖራ የነጣ ግድግዳ የተቀበሉትን ብርሃን አብዛኛውን መልሰው ይሰጣሉ። ግድግዳውን እስከ ወገብ ድረስ በጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለም መቀባት ግን እድፍን ቢሸሽግም ብርሃንን ይውጣል። ጠረጴዛውም መስኮቱ ከጎን፣ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ሰው በግራ በኩል እንዲሆን ይቀመጥ። የኮምፒዩተሩ ገጽ ወደ መስኮቱ ከዞረ ነጸብራቁ ዓይንን ይጎዳል፤ መስኮቱ ከገጹ በስተጀርባ ከሆነም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መስታወት ልናገር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች በመዛመት ላይ ያለው ግድግዳን በሙሉ መስታወት የማልበስ ልማድ ብዙ ብርሃን የሚያመጣ ይመስላል። እንደ ሐራ ባለ ሞቃታማ አገር ግን ከብርሃኑ ጋር ሙቀቱም ይገባል፤ ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋል፤ አምፖል ያበራል። በብዙ ገንዘብ የተገዛው መስታወት እኔ የነበርሁበትን ክፍል መልሶ ይፈጥራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰው ሠራሹ ብርሃን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጻፍና ለማንበብ 500፣ ለቴክኒክ ሥዕል 750፣ ለፋይል ሥራ 300፣ ለመተላለፊያ 100 ሉክስ መድቦ ነበር። 6 ሜትር በ5 ሜትር በሆነ ክፍል በሙሉ 500 ሉክስ ለማድረስ በጠረጴዛ ከፍታ 15,000 ሉመን ያስፈልጋል። ግማሹ በክፍሉ ውስጥ እንደሚባክን፣ ከቀረውም አቧራና እርጅና አንድ አምስተኛ እንደሚወስዱ ብንገምት ከመብራቶቹ 37,500 ሉመን መውጣት አለበት። ይህም 4,000 ሉመን የሚሰጡ ባለ 40 ዋት የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች 10 ያህል፣ በጠቅላላው 400 ዋት ይሆናል። ለክፍሉ 300 ሉክስ ብቻ ሰጥተን የቀረውን በጠረጴዛ መብራት ብንሞላ ግን 6 መብራትና ባለ 8 ዋት 4 የጠረጴዛ አምፖሎች፣ በድምሩ 272 ዋት ይበቃሉ።

መብራቶቹ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ በሆኑ ረድፎች ይተከሉ፤ እያንዳንዱም ረድፍ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ይኑረው። እንዲህ ሲሆን በመስኮቱ አጠገብ ያለው ረድፍ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ሊውል፣ የውስጠኛው ብቻ ሊበራ ይችላል። ለዚህ የሚጨመረው ጥቂት ሽቦና አንድ ሁለት ማጥፊያ ነው።

ከእናንተ መካከል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ይህ ሁሉ ቁጠባ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሊኖር ይችላል። ኃይል ማመንጨትና ኃይሉ ከጠረጴዛችን መድረሱ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ የተቋረጠው መብራት ይህን በመራራ መንገድ አስተምሮናል። ኮምፒዩተሩ ያለ ኃይል እንደማይሠራ አልክድም። መዝገቡ፣ ፋይሉ፣ ሥዕሉና የባለጉዳዩ መስተንግዶ ግን በመስኮቱ ብርሃን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ደመና በከበደበት የክረምት ቀን 4ቱን የጠረጴዛ አምፖሎች ለ4 ሰዓት ለማብራት የሚያስፈልገው 128 ዋት-ሰዓት ነው፤ ይህንም 12 ቮልት፣ 24 አምፔር-ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ በግማሽ ጉልበቱ ይሸፍነዋል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ መስኮትን በወረቀት ላይ ማንሣት በላጲስና በእርሳስ ይቻላል፤ ከተገነባ በኋላ ግን መዶሻና አዲስ በጀት ይጠይቃል። ስለሆነም የመብራት ሥዕል ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚተው ሥራ እንዳይሆን፣ ከመሠረቱ ሥዕል ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲዘጋጅ አሳስባለሁ። በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ ገና ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ይሠራሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባለጉዳይ በመብራት ምክንያት የማይመለስባቸው እንዲሆኑ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።